ክርክር፦ ለክረምት የሚቆም ሞተር ሳይክል ዘይቱ ሲቆም ይቀየር ወይስ ሲነሳ?

ከሱሉልታ እስከ ሰንዳፋ ባሉት የአዲስ አበባ ዙሪያ የገጠር መንገዶች ሰኔ ሲጋመስ ዋልካው በጎማና በፓራፋንጎ መካከል እየተጠቀጠቀ ጎማ አላዞር ስለሚል፣ ብዙ ሰው ሞተር ሳይክሉን እስከ መስከረም ያቆማል። ጥያቄው በሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት መቼ ይቀየር የሚል ነው። አንዱ ተከራካሪ ሱሉልታ ጋራዥ ያለው መካኒክ ሲሆን፣ ሌላው ሰንዳፋ አካባቢ የሚያስተምርና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሞተር ሳይክሉን የሚያቆም መምህር ነው።

መካኒኩ፦ ከመቆሙ በፊት

የሠራ ዘይት ሞተር ውስጥ ክረምቱን መክረም የለበትም። ብዙ ሰው ዘይት አለቀለት የሚለው ሲጠቁር ነው፤ ጥቁረቱ ግን ዘይቱ ጥላሸቱን አንጠልጥሎ መያዙን፣ ማለትም ሥራውን መሥራቱን ነው የሚያሳየው። የሚያሰጋው በዓይን የማይለየው ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ ይፈጠራል። አብዛኛው ተንኖ በማርሚታ ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን ከቃጠሎው ጋዝ ጋር በፒስተኑ ቀለበቶች በኩል ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ይወርዳል፤ ከቃጠሎው ከሚመጡት የድኝና የናይትሮጅን ውህዶች ጋር ተገናኝቶም አሲድ ይሆናል። ሞተሩ በደንብ ግሎ ረጅም መንገድ ከሄደ ውኃው ተንኖ በመተንፈሻው ቱቦ ይወጣል። ከቤት እስከ ገበያ ብቻ ደርሶ የሚመለስ ሞተር ሳይክል ግን ውኃውን ለማባረር የሚበቃ ሙቀት ላይ ሳይደርስ ይጠፋል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) የአየሩን መሳሳት ስለማያውቅ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይለቃል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚንም የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ዘይቱም ይቀጥናል።

መስከረም ላይ ተነስተው ከሚመጡልን ሞተር ሳይክሎች መካከል፣ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ከስሩ ማኪያቶ የሚመስል ወፍራም አረፋ የተጣበቀባቸው አሉ። ያ አረፋ ዘይትና ውኃ ነው። አረፋው ተጠርጎ ይጠፋል፤ ኩሽኔታ፣ ማለትም የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከመው ቀለበት፣ ላይ ያረፈው ዝገት ግን አይጠፋም። ባለ አንድ ፒስተን ትንንሽ ሞተሮች ክራንካቸው (የፒስተኑን ምልልስ ወደ መዞር የሚቀይረው ዘንግ) የሚዞረው በብረት ኳስና በሮለር ኩሽኔታ ላይ ስለሆነ፣ በቆመበት ቦታ አንዲት የዝገት ነጥብ ከበቀለች ኩሽኔታው ከዚያ ወዲያ እየተላጠ ይሄዳል፤ ድምፁም እየጨመረ ይመጣል። ኩሽኔታውን ለመቀየር ሞተሩ ለሁለት መከፈት አለበት። ከዚያ ወጪ አንጻር አንድ ሊትር ገደማ ዘይት ምንም ማለት አይደለም። የብዙዎቹ የሆንዳ ሞተር ሳይክሎች መመሪያም ለረጅም ጊዜ ከማቆም በፊት ከሚሠሩት ሥራዎች መካከል ዘይት መቀየርን የሚጠቅሰው በዚህ ምክንያት ነው።

መምህሩ፦ ሲነሳ

ባለሙያው ወንድሜ ስለ ውኃውና ስለ አሲዱ የተናገሩትን አልክድም። የምቃወመው ከዚያ ተነስተው የደረሱበትን ድምዳሜ ነው። የተጠቀሱት ዓይነት መመሪያዎች የሚዘጋጁት በረዶ መንገዱን ዘግቶ ሞተር ሳይክል እስከ ግማሽ ዓመት ለሚቆምባቸው አገሮች ጭምር ነው። እኔ ግን የማቆመው ሐምሌንና ነሐሴን፣ ቢበዛ ጳጉሜንን ጨምሬ ነው። ጥሩ ዘይት ውስጥ አሲድን የሚያከሽፍ ቅመም አለ፤ ግንቦት ላይ የተቀየረና ብዙ ያልሠራ ዘይት ያ ቅመም ገና አላለቀበትም። እንዲህ ያለውን ዘይት ሰኔ ላይ ማፍሰስ ገንዘብን ማፍሰስ ነው፤ በደመወዝ ለሚኖር ሰው ደግሞ ይህ ቀላል አይደለም።

ዘይቱ ከውጭ የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ መሆኑና ከፈሰሰ በኋላ የሚደርስበት ቦታም ሊታሰብበት ይገባል። በየመንደሩ የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ ሲደፋ አይተናል፤ ሐምሌ ላይ ቦዩ ሁሉ ወደ ወንዝ ነው የሚወርደው።

ሌላው ነገር የአየሩ ጠባይ ነው። በቆመ ሞተር ውስጥ ጤዛ የሚፈጠረው ቀን የሞቀው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ በቀንና በሌሊት ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት የሚሰፋው ሰማዩ ጥርት በሚልበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በሐምሌ ደመናው ቀኑን ከመሞቅ፣ ሌሊቱንም ከመቀዝቀዝ ስለሚከለክል ልዩነቱ ጠባብ ነው። ስለዚህ ጤዛን የሚፈራ ሰው ከክረምቱ ይልቅ በጋውን መፍራት ነበረበት። ጥቂት እርጥበት ቢገባ እንኳ፣ መስከረም ላይ አሮጌው ዘይት ሲወጣ ያጠራቀመውን ይዞ ይወጣል፤ አዲሱ ዘይትም በንጹሕ ሞተር ሥራውን ይጀምራል። ሰኔ ላይ የሚገባው አዲስ ዘይት ግን ያንኑ እርጥበት ተሸክሞ ለሥራ ሊውል ነው።

መካኒኩ ሲመልስ

መምህር፣ ሁለት ጊዜ ይቀየር አላልኩም። ሰኔ ላይ የገባው አዲስ ዘይት መስከረምም ጥቅምትም የሚያገለግለው እሱ ራሱ ነው። ያው የሆንዳ መመሪያ ሞተር ሳይክሉ ሲነሳ ዘይት እንደገና እንዲቀየር የሚያዘው ከ4 ወር በላይ ከቆመ ብቻ ነው፤ የእርስዎ ደግሞ 3 ወር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ወጪው ያው የአንድ ጊዜ ነው፤ የሚደፋው ዘይትም አይጨምርም። የሚለወጠው ክረምቱን ከኩሽኔታው ጋር የሚያሳልፈው ንጹሑ ነው ወይስ ቆሻሻው የሚለው ብቻ ነው። የተቃጠለውን ዘይት ስለ መድፋት የተናገሩት ግን ትክክል ነው፤ በጄሪካን አጠራቅሞ ለሚረከብ ጋራዥ መስጠት ይገባል።

የሐምሌ ሌሊትና ቀን ልዩነቱ ጠባብ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ጤዛ ለመሥራት ብዙ መቀዝቀዝ ያስፈልገዋል፤ በሐምሌ አየሩ በእርጥበት ጢም ብሎ ስለሚውል ትንሽ ቅዝቃዜ ይበቃዋል። በቆርቆሮ ጥላ ስር የቆመ ሞተር ሳይክል ሰርባቶዮ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚታየው ውኃ ከዚሁ የመጣ ነው።

አንድ ልማድ ግን ሁለታችንንም ሊያሳስበን ይገባል። በየሳምንቱ አስነስቶ ለአምስት ደቂቃ ማስጮህ ለሞተሩ የሚጠቅም የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አምስት ደቂቃ ውኃ ለመፍጠር ይበቃል፤ ለማትነን አይበቃም። አዲስ የገባውን ዘይት እንኳ በውኃ ሊበክለው ይችላል። የማይነዳ ሞተር ሳይክል አይነሳ።

መምህሩ ሲመልሱ

ስለ አምስት ደቂቃው እስማማለሁ። ወጪው የአንድ ጊዜ ነው የተባለውንም የመቀየሪያው ኪሎ ሜትር ለደረሰ ወይም ለተቃረበ ዘይት እቀበላለሁ፤ እንዲህ ያለው ሰኔ ላይ ይቀየር። መመሪያው ከሚለው ኪሎ ሜትር ግማሹን እንኳ ያልሄደ ዘይት ግን ከነሙሉ ዕድሜው ሊደፋ አይገባም። የዚህ ዓይነት ዘይት ያለው ሰው ከማቆሙ በፊት 20 ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልት ነድቶ ሞተሩን ያግለው፤ ውኃውና ቤንዚኑ ይትነኑለት፤ ከዚያ የካርቡሬተሩን ቤንዚን አውርዶ ያቁመው። ከሰንዳፋ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ለዚህ የተመቸ ነው።

የመካኒኩ የመጨረሻ ቃል

ይህ ኪሎ ሜትሩን ለሚያውቅ ሰው ጥሩ ምክር ነው። ወደ እኔ የሚመጣው ሞተር ሳይክል ግን ብዙውን ጊዜ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ገመድ የተበጠሰ ነው፤ ባለቤቱም ዘይቱ የተቀየረው ከፋሲካ በፊት ይሁን በኋላ እርግጠኛ አይደለም። እርስዎ የቀየሩበትን ቀን ጽፈው የሚያስቀምጡ ከሆነ በግማሽ ዕድሜው ያለውን ዘይት ይተዉት ብዬ ልተባበርዎ እችላለሁ። ይህንንም የምለው በአንድ ሁኔታ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም የዘይት መለኪያውን አውጥተው ይመልከቱና ያሽትቱ። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ወይም ማንም ሳይጨምርበት መጠኑ ካለፈው ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ቤንዚን ወይም ውኃ ገብቶበታልና ትናንት የተቀየረ ቢሆን እንኳ ይውጣ፤ ካርቡሬተሩም ሳይታይ አይቁም።