ባለ ጉጉቷ ባልቴት

ወፍ ለማየት ብቻ ብሎ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው በዚህ ዓለም እንዳለ መንደራችን ያመነችው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። መንደራችን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ሲሄዱ ገደል አፋፍ ላይ ከተቀመጡት አንዷ ናት፤ ብርዷ ይታማል እንጂ ገብሷና ባቄላዋ አይታማም። መጀመሪያ የመጡት ሽማግሌ ፈረንጅና ባለቤታቸው አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ደብተር ይዘው ገደሉ ጫፍ ላይ ግማሽ ቀን ሲቆሙ መንደሩ በሦስት ወገን ተከፈለ። አንደኛው ወገን ወርቅ ሊያወጡ ነው አለ። ሁለተኛው መሬት ሊለኩ ነው አለ። ጠላ ቤት የሚውለው ሦስተኛው ወገን ግን «ሰው ጡረታ ወጥቶ ሥራ ሲፈታ እንዲህ ያደርገዋል» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ለእውነቱ የቀረበው ጠላ ቤቱ ነበር፤ ብዙ ጊዜም እንዲሁ ነው።

የሚፈለገው ወፍ ማንነት ሲታወቅ ደግሞ መንደሩ ቅር አለው። የአንኮበር ሴሪን ትባላለች። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 እዚሁ አካባቢ ታይታ፣ በ1979 ለሳይንስ ተመዝግባ፣ የአገራችንን ስም ይዛ የዓለም የወፍ መጻሕፍት ውስጥ ገብታለች። ስሟን ስንሰማ ቢያንስ የንጉሥ ካባ የመሰለ ላባ ያላት፣ ስትበር ፀሐይ የምትጋርድ ጠብቀን ነበር። ሥዕሏ ሲመጣ ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ ድንቢጥ የምታህል፣ ገደል ለገደል ዘር የምትለቅም ምስኪን ሆና ተገኘች። አንድ አባት መጽሐፉን ተቀብለው አዘቅዝቀውም አቃንተውም አዩትና «ለዚች ነው ባሕር የተሻገሩት?» አሉ። ወዲያው ግን በእንግዳ ፊት የአገርን ገበና ማውጣት ሆኖ ተሰማቸው መሰለኝ፣ «ብትከሳም የእኛው ናት» ብለው መለሱት።

መንደራችን ወፍ አታውቅም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም እንደ ባላጋራ ጠንቅቆ የሚያውቅ የለም። እሸት ሲደርስ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ሲጮህ የሚውል ልጅ የትኛዋ ወፍ በማለዳ እንደምትመጣ፣ የትኛዋ ድንጋይ እንደምትፈራ፣ የትኛዋ ደግሞ መኖሩንም ንቃ እንደምትበላ አብጠርጥሮ ያውቃል። አዋቂውም ለእያንዳንዱ ወፍ በልቡ ፋይል ከፍቷል። ጋጋኖ ገና ሳይነጋ በመንጋ እየተንጫጫ ሰፈሩን ስለሚቀሰቅስ፣ ስሙ ለምራታቸው ለማይተኙ አማቶች ተሰጥቷል። ቆቅ ወጥ ናት። ቁራ ሌባ ነው፤ በዚያ ላይ ኖኅ ልኮት ሳይመለስ በመቅረቱ ቂማችን እስከ ዛሬ አልበረደም፣ ገበያ የተላከ ልጅ በዘገየ ቁጥር የሚነሣው የእሱ ስም ነው።

ይኸው ቁራ ግን ለእንግዶቹ ትልቅ ሰው ነው። መንቁሩ የመጥረቢያ ያህል የወፈረ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ይህ ግዙፍ ቁራ መኖሪያው ከእኛ ደጋና ከኤርትራ ደጋ ብዙም አይርቅም። ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው በፈረንጆቹ 1836 ነው ለሳይንስ ያስተዋወቀው። እኛ ደግሞ እበት ሲበትን ነው የምናውቀው። አንድ ጠዋት አንዲት ጎረቤታችን ለኩበት ጠፍጥፈው ያሰጡት እበት ላይ አረፈ። መንቁሩን ሰካ፤ ግራ ወረወረ፣ ቀኝ ወረወረ። ከሥሩ ነጭ ትል ብቅ ሲል አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ሸቀጥ እንደሚመርጥ ነጋዴ አየውና ዋጠው። ወደ ቀጣዩ ኩበት ተሸጋገረ። ፈረንጆቹ በሆዳቸው ተኝተው ፎቶ ያነሣሉ። ባለ ኩበቷ ዱላ ይዘው ከአጥሩ ወዲያ ቆመዋል። አስጎብኚው፣ ያ የትናንቱ ወንጭፈኛ ልጅ፣ በሁለቱ መካከል እጁን ዘርግቶ «እማማ፣ ትንሽ ይታገሡ፣ ገና ከጎን አላነሡትም!» እያለ ይለምናል። እማማ የታገሡት ልጁ የኩበቱን ዋጋ ከነወለዱ እንደሚከፍል ከማለላቸው በኋላ ነው። ወንጭፍ ይዞ ወፍ ሲያባርር ያደገ ልጅ ለወፍ ዋስ ሲሆን ማየት የዘመኑን መገለባበጥ ያሳያል፤ ገቢው ግን ከወንጭፉ ይሻላል።

አውሬውም ከእኛ ኑሮ የራቀ አይደለም። እኛ ስንጾም ጅብ እንኳ ችግር ላይ ይወድቃል። በትግራይ ውቅሮ አካባቢ የጅብ ዓይነ ምድር እየሰበሰቡ ያጠኑ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2012 እንዳወጡት፣ ከሁዳዴ በፊት ከተገኘው ጸጉር የአህያ ድርሻ 15 በመቶ ገደማ ነበር፤ በጾሙ ወቅት ግን 33 በመቶ ደረሰ። በግ የሚያርድ ሲጠፋ፣ የሚጣል አጥንትና አንጀትም ሲጠፋ፣ ጅብ ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል ማለት ነው። ጾሙን የምንጾመው እኛ፣ መከራውን የምታየው አህያ። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ እፎይ የምትለውም እሷ ናት። ያን ጊዜ አጥንት ይዞ ሽቅብ እየወጣ ቋጥኝ ላይ ጥሎ የሚሰብረው ትልቁ አሞራም ከገደሉ ብቅ ይላል፤ ስብርባሪውንም ከነመቅኑ ይውጠዋል።

ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ስብሰባ ተጠርተንም ነበር። ሰብሳቢው ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ ሲያስረዱ «ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የምትኖርበት ምድር የለም» አሉ፤ ተጨበጨበ። ገብሱ አምና በጭላዳ የተጋጠበት አንድ ሰው እጁን አወጣ። «የእኛ ብቻ ከሆነች ጉዳቱም የእኛ ብቻ ነው ማለት ነው። ለሌላው አገር የማትካፈለው ለምንድን ነው?» ለዚህ ደግሞ የበለጠ ተጨበጨበ። ሰብሳቢው የመንዝ ጓሳን ምሳሌ አነሡ፦ አባቶች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የጋራ ሣር መጠበቂያ ሥርዓት ጓሳውን እየዘጉ፣ ሣሩ እስኪያገግም ዓመታት እየጠበቁ ማቆየታቸውን፤ እዚያ ጭላዳው መንጋ ውስጥ ቀይ ቀበሮ እንደ ዘመድ እየተንጎራደደች አይጥ እንደምታድን፤ በፈረንጆቹ 2015 በወጣ ጥናት መሠረት በጭላዳ መካከል ስታድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ሲሳካላት፣ ብቻዋን ስትሆን ግን ከአራቱ አንዱ ብቻ እንደሚሰምርላት። ይህ ነገር እውነትም የሚያስቀና ነው፤ ቀበሮዋ የጭላዳ ግልገል ብትነካ ወዲያው ስለምትባረር ዐይኗን ሰብራ ትኖራለች። የእኛ ሰው ከዚህ ሁሉ የያዘው አንድ ነገር ነው፦ «ቀበሮዋ ያወቀችበትን ጉርብትና እኛ መቼ ነው የምናውቅበት?» አሉ አንድ አዛውንት፣ ከአጠገባቸው የተቀመጠውን ጎረቤታቸውን በጎን እያዩ።

እኚህ አዛውንትና ጎረቤታቸው በድንበር ክርክር ሲነታረኩ ኖረዋል። ያራቀቻቸውም ያቀረበቻቸውም ጉጉት ናት።

ጉጉት በእኛ ዘንድ ሞት ጠሪ ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ጓሮ ወይራ ላይ አንዲት ትልቅ ጉጉት ስትሰፍር፣ የእድሩ ሰዎች «እትዬ፣ ያችን ወፍ ያስነሡልን እንጂ፣ ሰፈሩን ልታስጨርሱት ነው?» ብለው ሽማግሌ እስከ መላክ ደርሰው ነበር። ባልቴቷ «እኔን ካልጠራችኝ ማንን ትጠራለች?» ብለው ዝም አሉ። ኋላ ያ አስጎብኚ ልጅ እንግዶች ይዞ ጓሮ ገባ። ጉጉቷ ከግንዱ ተጣብቃ አንድ ዐይኗን ገለጥ አድርጋ አየቻቸው፣ ከቁም ነገርም ሳትቆጥራቸው መልሳ ጨፈነች። እንግዶቹ ሲወጡ የባልቴቷን እጅ ጨብጠው መቶ ብር ትተውበት ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ የባልቴቷ ቡና ብቻውን ተፈልቶ አያውቅም። ሰው ሁሉ «ጉጉቷ እንዴት አደረች?» እያለ ይገባል። ትባረር ብሎ ሽማግሌ የላከው የእድር ሹም «መጀመሪያ የጮኸችው እኮ በእኔ ጣራ ላይ ነው» እያለ ማውራት ጀመረ። የዚያ አዛውንት ጎረቤት ደግሞ ከወሬ ይልቅ ሥራ መረጠ፦ እኔስ ጽድ ዛፍ መች አጣሁ ብሎ፣ ሌሊት ሌሊት ከጽዱ ሥር ተቀምጦ፣ ጉጉት እንዲያመጣለት እንደ ጉጉት ይጮህ ጀመር።

አዛውንቱ በዚያ ሰሞን ጉንፋን ይዟቸው ተኝተዋል። ድምፁን ሰሙ። «ጠራችኝ» አሉ። ሌሊቱን የነፍስ አባታቸውንና ምስክሮች አስጠርተው ተናዘዙ፤ በኑዛዜያቸውም የድንበሩ መሬት በእርግጥ የጎረቤታቸው እንደሆነ አመኑ። ሲነጋ ላብ በላብ ሆነው ድነው ተነሡ።

ጉዳዩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። አዛውንቱ «በሐሰተኛ ጉጉት የተሰጠ ቃል አይጸናም» አሉ። ጎረቤትየው «እኔ ስጮህ ማን ሰማኝ? እውነተኛዋ ናት የጮኸችው» ብሎ ካደ። ነገሩ እስኪመሽ ተጎተተ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ «እስኪ ጩህና እንስማው» ብለው ፈረዱበት። ሰውዬው ጉሮሮውን ጠርጎ ጮኸ። ከባልቴቷ ወይራ መልስ መጣ። እንደገና ጮኸ፤ እንደገና ተመለሰለት። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ሰብሳቢው ጋቢያቸውን አስተካክለው «እንግዲህ ሰውዬው ምስክር ቆጥሯል» አሉና ድንበሩን ለጎረቤትየው ፈረዱ።

በማግስቱ ባልቴቷ መጥተው የምስክር አበል ጠየቁ።