እንሹና የፋሲካው በሬ

ባለፈው ጥር አንድ እሑድ ሐረር ጀጎል ውስጥ ወዳጄ ቤት ለምሳ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ምሳው እስኪደርስ በትንሽ ሰሃን የተጠበሰ ቋንጣ ቀረበልን፤ ሁለት ሦስት ከቀመስሁ በኋላ የበሬ አለመሆኑ ገባኝና የምን ሥጋ እንደሆነ ጠየቅሁ። ከባቢሌ በኩል ይዞት የመጣው የወዳጄ የእህት ልጅ «እንሹ ነው፣ ጋሼ» አለኝ፤ ያቺ ሚዳቋ መሰል ትንሽ የዱር እንስሳ። ሰሃኑን ገፋ ሳደርገው ልጁ አልተቀየመም። ነገሩን ከልቡ ሊረዳ ፈልጎ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ለፋሲካ በሬ ጥለው ሲበሉ ያልከበደዎት፣ አምስት ኪሎ ለማትሞላ እንሹ ምን አስጨነቀዎት? ነፍስ እንደሆነ ያው ነፍስ ነው።»

በዚያች ሰዓት ያገኘሁት መልስ «ሕገ ወጥ ነው» የሚል ብቻ ነበር። እውነት ነው፣ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ልጁ ግን ሕጉን አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ እኔ የምበላው ንጹሕ፣ እሱ የሚበላው ነውር የሆነበትን ምክንያት ነው፤ እንዲህ ላለው ጥያቄ የአዋጅ ቁጥር መጥቀስ መሸሽ ነው። መልሴን ዘግይቼም ቢሆን እዚህ ላኑር።

በመጀመሪያ ልጁ ትክክል የሆነበትን ነገር ማመን ይገባኛል። ሥጋ የሚበላ ሰው አዳኙን «ጨካኝ» ከማለቱ በፊት የራሱ ማዕድ በምን መንገድ እንደመጣለት ማየት አለበት። ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የሚመጡትን ፍየሎች በየመንገዱ እናያቸዋለን። እግራቸው አራቱም በአንድ ገመድ ተጠፍሮ በመኪና ፖርቶ መጋላ ላይ እንደ ከረጢት ይደረደራሉ፤ በድሬ ፀሐይ የጋለ ብረት ላይ ሰዓታት ያሳልፋሉ፤ ሲደርሱም በጆሯቸውና በቀንዳቸው እየተጎተቱ ይወርዳሉ። አንድ ቀን ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ አጠገብ ባጃጅ ስሳፈር ከመቀመጫው ኋላ የታሰረ ሙክት አብሮኝ ተሳፍሮ ነበር። ባጃጇ በዘለለች ቁጥር ቀንዱ ከብረቱ ጋር ይጋጫል። ጥቂት እንደሄድን መጮኹን አቆመ፤ ዞር ብዬ ሳየው ዓይኑ ክፍት ነው፣ ምላሱ አቧራ ለብሷል። በአንድ ጥይት የወደቀች እንሹ ከዚህ ሙክት የበለጠ ተሰቃየች ብዬ ልከራከር አልችልም። ስለዚህ የሁለቱን ልዩነት በሕመማቸው መጠን ላይ ልመሥርት ብል ክርክሩን የሚረታው ልጁ ነው።

ልዩነቱን የማገኘው ሌላ ቦታ ነው፤ ለሞተው እንስሳ ኃላፊው ማን ነው በሚለው ጥያቄ ውስጥ።

የሐረርጌን ሰንጋ እንውሰድ። ገበሬው ወይፈን ሳለ ይገዛዋል፤ ጥቂት ዓመት ያርስበታል፤ ከዚያም ከቀንበር ያወጣውና ከማሳው ሲያሳሳ የነቀለውን የማሽላ ቡቃያ፣ በኋላም አገዳውን፣ በእጁ እያጎረሰ ያደልበዋል። ይህ በሬ ታርዶ ሲያልቅ ገበሬው በሸጠበት ገንዘብ ሌላ ወይፈን ገዝቶ እንደገና ይጀምራል። ከመወለዱ እስከ መሞቱ ያለ ጠባቂ የዋለበት ቀን የለም። ቢታመም፣ ቢጠማ፣ ቢጠፋ የሚጠየቅለት ሰው አለ።

ገዢውም ቢሆን፣ ነገሩን በወጉ ካደረገው፣ ከዚህ ኃላፊነት ነጻ አይደለም። በልጅነቴ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ግቢያችን ውስጥ ለፋሲካ ቅርጫ ሲገባ አሥራ ሁለት ቤተሰብ በአንድ በሬ ዙሪያ ይቆማል። አራጁ «በስመ አብ» ብሎ ካራውን ሲያነሳ ጨዋታ ሁሉ ይቆማል። ከዚያ ሥጋው በቅጠል ላይ አሥራ ሁለት መደብ ይደረጋል፤ ከሻኛው፣ ከጎድኑ፣ ከጉበቱ ለሁሉም እኩል እንዲደርስ አባቶች ከአንዱ መደብ ቀንሰው ወደ ሌላው እየጨመሩ ሲያስተካክሉ ይቆያሉ። በመጨረሻ እያንዳንዱ ሰው የሚታወቅበትን አንዳች ነገር፣ ቁልፍም ይሁን ጠጠር ወይም የክብሪት እንጨት፣ ይሰጥና ዕጣ ይጣላል። አንድ ዓመት ዕጣ እንድጥል የተመረጥሁት እኔ ነበርሁ። ፊቴን አዙሬ ቆሜ አሥራ ሁለቱን ዕቃዎች በሁለት እጄ ከተቀበልሁ በኋላ ዞሬ በየመደቡ ላይ አንዳንድ አስቀመጥሁ። ሥጋው ገና ይሞቅ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥጋ ከየት እንደሚመጣ የነገረኝ ሰው አላስፈለገኝም።

የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሥርዓትም በዚህ ረገድ ጥብቅ ነው። ቢላው አስቀድሞ ይሳላል፣ የሚታረደው ከብት እያየ ግን አይሳልም፤ አንዱ በሌላው ፊት እንዳይታረድ ይታዘዛል፤ የአምላክ ስም ሳይጠራበት የታረደ አይበላም። ክርስቲያኑ ደግሞ በዓመት 180 ለሚሆኑ ቀናት ከሥጋ ይጾማል። አንዳችን የሌላውን እርድ ባንበላም፣ ነፍስ ማጥፋት በዘፈቀደ የሚደረግ ነገር እንዳልሆነ ሁለታችንም ተምረን አድገናል።

አሁን ወደ እንሹዋ ልመለስ። እንሹ ወንድና ሴት ጥንድ ሆነው በአንድ ጠባብ ክልል የሚኖሩ እንስሳት ናቸው። ድንበራቸውን ከዓይናቸው ሥር በሚወጣ ጥቁር ፈሳሽ ቁጥቋጦው ጫፍ ላይ ያሳያሉ፤ ፋንድያቸውንም ሁልጊዜ በተለመደው ቦታ ይጥላሉ። እርግዝናቸው ስድስት ወር ገደማ ነው፤ የሚወልዱትም አንድ አንድ ነው። እንዲህ ያለውን እንስሳ ለማግኘት ብልሃት አያስፈልግም፤ ዛሬ ያመለጠችው ነገም እዚያው ነች። ማታ የባትሪ ብርሃን ዓይኗ ላይ ሲያርፍ ደንግጣ ትቆማለች፣ የተኮሰውም አይስታትም። ጥንዱ ሲጎድል የቀረው በዚያው ቁጥቋጦ ውስጥ ይቆያል። በምትኩ ወይፈን ገዝቶ የሚያስገባ ገበሬ የለም፤ ሄዶ የሚቆጥርም የለም።

«የማንም አይደለችም» የሚለው አነጋገር የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ባለቤት የሌለው ነገር ለቀደመው ሰው የተፈቀደ ይመስለናል። የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ በ1962 ዓ.ም. ሲቋቋም 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ተብሎ ተከለለ፤ ዝሆኑና ጥቁር ጋማ ያለው አንበሳ እንዲተርፉበት ነበር። ዛሬ ግን በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ሰፈራው፣ እርሻውና ከሰሉ ወደ ውስጥ ገብቷል። ለእንሹ ብሎ ወደዚያ የገባ ጠመንጃ መንገድ ላይ የሚያገኘው እንሹን ብቻ አይሆንም። ዝሆን 22 ወር አርግዛ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ በአንድ ሌሊት የሚጠፋውን ለመተካት ዓመታት ይወስዳል። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ በአደባባይ ሲቃጠል ብዙ ሰው እንደ ትልቅ እርምጃ አይቶት ነበር፤ እኔን ያሳዘነኝ ክምሩ ያን ያህል መግዘፉ ነው።

ባለቤት ለሌለው እንስሳ ኃላፊነት መውሰድ እንደሚቻል ለማሳየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻም። የጀጎል ግንብ ሲሠራ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ ተትቶለታል፤ ሐረሪዎቹ «ወራባ ኑዱል» ይሉታል። ሌሊት ገብቶ የጣልነውን አጥንትና የእርድ ትራፊ ጠርጎ ይወጣል። ማታ ከግንቡ ውጭ የሚቀልቡት ሰዎች በየስሙ ይጠሩታል፤ በእንጨት ጫፍ ያንጠለጠሉትን ሥጋ ሲነጥቅ ጥርሱ እንጨቱ ላይ ሲንቋቋ ይሰማል። በዓሹራ ዕለት ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብለታል፤ አበላሉ ታይቶም የመጪው ዓመት ነገር ይተረጎማል። ጅቡ የማንም ንብረት አይደለም፤ ሐረር ውስጥ ግን «የማንም ስላልሆነ ልግደለው» ብሎ የሚነሳ ሰው ጎረቤት ዝም አይለውም። ለጅብ የሰጠነውን ለእንሹ የምንነፍግበት ምክንያት አይታየኝም።

አንዳንዶች የአባቶቻችንን ግዳይ ያነሳሉ። ዝሆንና አንበሳ የገደለ ሰው ይፎክር፣ ይሸለም እንደነበር እናውቃለን። ያ ክብር ግን የተሰጠው ሕይወቱን አስይዞ ለገባ ሰው ነበር። በሞተር ብስክሌት ሄዶ በባትሪ ዓይኗን አጥበርብሮ እንሹ የጣለ ሰው ምን ብሎ ይፎክር ይሆን?

በፈቃድ ስለሚካሄደው አደን ብዙ አልልም። ደጋ አጋዘንን የመሰለ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ እንስሳ በክፍያ እንዲታደን የሚፈቀድበት አሠራር አለ፤ አስቀድሞ በእውነት ተቆጥሮ፣ ገንዘቡም ጫካውን ለሚጠብቀው ሕዝብ ደርሶ ከሆነ፣ ልቤ ባይወደውም ከስርቆሽ አደን ይሻላል ባይ ነኝ።

የተራበው ሰው ነገር ግን ሌላ ነው። ዝናብ ቀርቶ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ለልጆቹ ሚዳቋ ቢጥል ድንጋይ የምወረውርበት እኔ አይደለሁም። ድርቅ ሲመጣ ቀድሞ እህል ሊደርስለት ሲገባ ያልደረሰለት አካል ነው መጠየቅ ያለበት። እኛ ግን በዚያ ምሳ ላይ የተቀመጥነው ሰዎች አልተራብንም። ከቤቱ ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ጊዲር መጋላ አለ፤ የግመልም የበሬም ሥጋ ተሰቅሎ ጭልፊት ከላይ እያንዣበበ ይሸጣል። እንሹዋ የሞተችው ለአፍ ለውጥ ነው። ጃርትን «መድኃኒት ነው» እያሉ የሚያስመጡ የከተማ ሰዎችንም ከዚህ አልለያቸውም፤ ሐኪም ቤት በቅርብ አላቸው።

የወዳጄን የእህት ልጅ ለዳግም ትንሣኤ ድሬዳዋ እንዲመጣ ጠርቼዋለሁ፤ ይህን ሁሉ በአካል እነግረዋለሁ። የባጃጁን ሙክት ያነሳብኝ እሱ ባይሆንም፣ ጥያቄው ግን እኔንም ይዞኛል። ዘንድሮ በጉን በመኪና አላስጭነውም። ከከብት ገበያው እስከ ቤቴ በእግር አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ፣ ውኃ አጠጥቼ፣ በእግሩ እየነዳሁ አመጣዋለሁ።