በስድስት ወር እበልጠዋለሁ

ከካሲኖ ከተማ ወደ ሮም በሚመለሰው ባቡር ላይ ነው፣ እሁድ ማታ። አራት ነበርን፦ አንድ ግንበኛ፣ አንዲት አሮጊት የምትጦር ወዳጃችን፣ አንድ ታሪክ የሚያጠና ልጅና እኔ። ሞንቴ ካሲኖን፣ የቤኔዲክታውያንን ገዳም፣ አይተን መመለሳችን ነው። ወንበራችን ሳይሞቅ ግንበኛው ጀመረ።

«ተሸወድን» አለ። «የ1,500 ዓመት ገዳም ብላችሁ ወስዳችሁ እኩያዬን አሳያችሁኝ።»

«እንዴት እኩያህ?» አለችው።

«ጳጳሱ ጳውሎስ ስድስተኛ መጥተው የባረኩት በ1964 ኦክቶበር 24 ነው። በእኛ ጥቅምት 14 ቀን 57። እኔ የተወለድኩት ሚያዝያ 56። በስድስት ወር እበልጠዋለሁ!»

ሳቅን። እሱ ግን የምሩን ነው። ጣሊያን አገር ሃያ ዓመት ግድግዳ ሲለስን የኖረ ሰው ነው። እኛ ጉልላቱ ላይ ፒዬትሮ አኒጎኒ የሳለውን ቀና ብለን ስናይ፣ እሱ ዓምዱን በጣቱ ቋ ቋ ያደርግ ነበር። የደረጃውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳስሶ «አልተበላም» ሲል ሰምቼዋለሁ። «ስንት መቶ ዓመት ሰው የረገጠው ድንጋይ እንዲህ ስለታም አይሆንም።»

ልጁ ተቀበለው። «ልክ ነው ጋሼ። ቅዱስ ቤኔዲክቶስ የመሠረተው በ529 ነው። መጀመሪያ ሎንጎባርዶች የሚባሉ ወራሪዎች አፈረሱት። በ883 ሳራሴኖች የሚባሉ የአረብ ዘማቾች አቃጠሉት። በ1349 የመሬት መንቀጥቀጥ ጣለው። መጨረሻ ላይ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1944 ፌብሩዋሪ 15፣ ከ200 በላይ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች መጡበት። ጀርመኖች ውስጥ አሉ ተብሎ ነበር። ውስጥ የነበሩት መነኮሳትና ስደተኞች ናቸው። ጀርመኖቹ የገቡት ከፈረሰ በኋላ ነው። ፍርስራሹ ደግሞ ለምሽግ ተመቻቸው፤ ከአሜሪካኖቹ ወገን የተሰለፉት ፖላንዶች የያዙት ገና ሜይ 18 ነው።»

«ከዚያ አበምኔቱ ኢልዴፎንሶ ሬያ ‹በነበረበት፣ እንደነበረ› አሉና መልሰው አሠሩት» አለ ልጁ።

«እንደነበረማ ይሠራል» አለ ግንበኛው። «ሥራዬ ነው። ስትጨርስ ግን በእጅህ ያለው ቅጂ ነው። መኪናዬን ሰው ገጭቶ ቢያወድምብኝና ያንኑ ሞዴል ቢገዛልኝ፣ የእኔው መኪና ነው?»

ሴትዮዋ እስከዚህ ድረስ በመስኮት ነበር የምታየው። ዞር አለች። «ደብረ ሊባኖስስ? በግራኝ ጊዜ ተቃጥሏል። የአሁኑን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ጃንሆይ ናቸው። ቅጂ ነው በላ!»

ግንቦት 1929ን፣ ግራዚያኒ እነዚያን መነኮሳት ያስፈጀበትን፣ አላነሳችም። ግን እዚያ ባቡር ላይ፣ በእነሱ አገር፣ ሁላችንም እሱን አሰብን መሰለኝ። ለጥቂት ጊዜ የሚናገር ጠፋ።

«ደብረ ሊባኖስ ይለያል» አለ ግንበኛው በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ታቦት አለዋ።»

«የእነሱ ታቦት ደንቡ ነው» አለች። የምትጦራቸው ሴትዮ ራስጌ የቤኔዲክቶስ ደንብ፣ ለመነኮሳት የጻፈው የኑሮ ሥርዓት፣ አለ። 73 ምዕራፍ ነው፤ ማታ ማታ ታነብላቸዋለች። በጣሊያንኛ ነው እንጂ የእኛ ገዳም ነው የሚመስለው አለች። መዝሙረ ዳዊት፣ 150ውም፣ በሳምንት ያልቃል። ገበታ ላይ አንዱ ሲያነብ ሌላው ዝም ብሎ ይበላል። የወደደችው ግን የወጥ ቤቱን ነው።

«ወጥ ቤት በሳምንት ተራ ነው። ተራው ያለቀ ቅዳሜ ቀን ወንድሞች እጅና እግር ያበሱበትን ፎጣ ያጥባል። ከዚያ ወጪውና ገቢው አብረው የሁሉንም እግር ያጥባሉ። ዕቃውን ንጹህና ደህና አድርጎ ለመጋቢው ይመልሳል። መጋቢው ደግሞ ለባለ ተራው ያስረክባል፤ የሰጠውንና የተቀበለውን እንዲያውቅ።»

«ርክክብ!» አለ ግንበኛው፤ ደስ አለው።

«አዎ ርክክብ። ገዳሙ እሱ ነው። ግድግዳውን ተወው።»

ልጁ አላለፋትም። «ግን እትዬ፣ ከሎንጎባርዶቹ በኋላ ቦታው ወደ 140 ዓመት ባዶ ነበር። ፔትሮናክስ የሚባል የብሬሻ ሰው በ717 ገደማ እስኪመጣ ድረስ። ያኔ ፎጣውን ማን አጠበ?»

«ሸሽተው የት ሄዱ?»

«ሮም።»

«ሮም ሆነው አጠቡዋ!»

ይህ መልስ ቆንጆ ነው፤ እኔን ግን አላሳመነኝም። 140 ዓመት አራት አምስት ትውልድ ነው። የተመለሱት የሸሹት አይደሉም። ገዳሙ ቆሞ ያውቃል፤ እንደገና ተጀምሮም ያውቃል፤ አንድም ጊዜ አይደለም። ይህን ማመን የሚያሳፍር አይመስለኝም።

ግንበኛው ደግሞ በመኪናው ምሳሌ ተሳሳተ። መኪናውን የተካለት ሌላ ሰው ነው። ቤቱ ተቃጥሎበት እዚያው መሬት ላይ መልሶ የሠራን ሰው ግን ጎረቤት «የቅጂ ቤት ባለቤት» አይለውም። ያው የእነ እገሌ ቤት ነው። ልስኑ የዛሬ ነው ቢለኝ ግን እስማማለሁ። ሉካ ጆርዳኖ የሳላቸው ሥዕሎች ከነጣሪያቸው ሄደዋል፤ ያንን የሚመልስ ግንበኛ የለም።

ልብ ያልነው ነገር ቢኖር ብራናው ነው። እዚያ መዝገብ ቤት በ960 የተጻፈ የፍርድ ቤት ቃል አለ። የመሬት ክርክር ነው። ምስክሩ በተራ ሰው አፍ «ያ መሬት፣ በዚያ ወሰን፣ 30 ዓመት በቅዱስ ቤኔዲክቶስ ወገን እጅ እንደነበር አውቃለሁ» ይላል። ጸሐፊው ወደ ላቲን ሳይመልስ እንዳለው ጻፈው። ዛሬ በጽሑፍ ከተገኙት የጣሊያንኛ ቃሎች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ ነው። የርስት ሙግት! ልጁ ይህን ሲነግረን ግንበኛው ጭኑን መታ። በ1943 መከር ላይ፣ ቦምቡ ሳይመጣ፣ ሽሌገልና ቤከር የሚባሉ ሁለት የጀርመን ጦር መኮንኖች መጽሐፍና ብራናውን በካሚዮን አስጭነው ከተራራው አወረዱት። ዓምዱን የሚጭን አልነበረም፤ ዓምድ ይሠራል።

ከግድግዳው ግን በ1066 ቁስጥንጥንያ የተሠራው የነሐስ በር አለ። ገዳሙ ያለው ርስትና አብያተ ክርስቲያናት በብር ፊደል ተዘርዝረውበታል። ቦምቡ ጎድቶታል፤ ግን አለ። እሱ ጋ ስንደርስ ሰውዬውን አየሁት። ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ። ቋ ቋ አላደረገም።