የትምህርት ቤት ኬሚካል የት ይቀመጥ? ከጎጃም የተጻፈ ክርክር

የክርክሩ መነሻ ይህ ነው፦ «አደገኛ ኬሚካሎች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወጥተው በአቅራቢያ ባለ ዩኒቨርሲቲ ይቀመጡ።» ሐሳቡን የሚደግፉት ፍኖተ ሰላም የሚኖሩ፣ በወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት (ወተመህ) ያገለገሉ አባት ናቸው። የምትቃወመው ደብረ ማርቆስ አካባቢ የምትሠራ የላብ (የቤተ ሙከራ) ቴክኒሻን ናት።

ወላጁ፦

በግልጽ ልናገር። ልጆቻችንን የምንልከው እንዲማሩ ነው፤ ከመርዝ ጋር ግድግዳ ተጋርተው እንዲውሉ አይደለም።

የንብረት ቆጠራ ላይ በታዛቢነት ገብቼ ያየሁትን ልንገርሽ። የላቡ ስቶር ሲከፈት ቀድሞ የተቀበለን ሽታው ነው። ዓይን ያስለቅሳል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። መስኮት የለውም። መደርደሪያው ብረት ነው፤ ብሎኖቹ ዝገው ሲነኩ ይፈረፈራሉ። ጠርሙሶቹ ላይ ነጭ ዱቄት ተጋግሯል። የግማሾቹ ሌብል ተበልቶ ስማቸው አይነበብም። ቆጣሪው ግራ ሲገባው «ፈሳሽ፣ ጠርሙስ፣ 1» ብሎ ጻፈና አለፈ። አሲድ ይሁን አልኮል፣ ዘንድሮ የገባ ይሁን የድሮ፣ ማንም አላወቀም። ከግድግዳው ማዶ መማሪያ ክፍል ነው።

ይህ ሁሉ ለምን? የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ የተግባር ፈተና የለም። ብዙ ተማሪ እነዚያን ጠርሙሶች በዓይኑ ሳያይ ነው ትምህርቱን የሚጨርሰው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ባሕር ዳር አለ፣ እንጅባራ አለ። ኬሚስት የሞላው እዚያ ነው። እዚያ ይቀመጥ፣ ትምህርት ቤቱ ሲያስፈልገው በልክ ይውሰድ።

ሌላም አለ። አሲድ ሰው ላይ ሲደፋ ምን እንደሚያደርግ በአገራችን አይተናል። ፊታቸውን፣ ዓይናቸውን ያጡ ሴቶች አሉ። የትምህርት ቤት ስቶር የሚዘጋው በአንድ ጓጉንቸር ነው፤ ቁልፉም አንዳንዴ ዘበኛው ኪስ፣ አንዳንዴ የርእሰ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ደግሞ በዚህ በቅርብ ዓመታት በክልላችን ስንቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከረመ። ያን ጊዜ ሁሉ እነዚያን ክፍሎች ማን ያያቸው ነበር?

የላብ ቴክኒሻኗ፦

ጋሼ፣ ያዩት ሁሉ ያለ ነገር ነው፤ አንዱንም አልክድም። ግን ያ ነጭ ዱቄት ምን እንደሆነ ልንገርዎ፣ ክርክራችን ያለው እዚያ ላይ ነውና። አሞኒየም ክሎራይድ ይባላል። የሃይድሮክሎሪክ አሲድና የአሞኒያ ጠርሙስ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ክዳናቸው የጠበቀ ቢመስልም ትንሽ ትንሽ ትነት ያመልጣቸዋል፤ ሁለቱ አየር ላይ ሲገናኙ ነጭ ጭስ ይሆኑና ባገኙት ዕቃ ላይ ይጋገራሉ። ብሎኑን ያዛገው የአሲዱ ትነት ነው። ሌብሉንም ቢሆን የበላው እሱ ነው። ታዲያ ጥፋቱ ኬሚካል መኖሩ ነው ወይስ ሁለት የማይስማሙ ጠርሙሶች ጎረቤት መደረጋቸው? አሞኒያውን ወደ ሌላ ጥግ ለመውሰድ በጀት አይጠየቅም።

ብዙ ላብ ውስጥ ኬሚካል የሚደረደረው በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው። ለመፈለግ ይመቻል፣ ለደኅንነት ግን አይሆንም። የሚነደው አሴቲክ አሲድ እሳት የሚያባብሰው አሞኒየም ናይትሬት አጠገብ ይውላል። በፊደል ያልተደረደረውም ላብ ቢሆን አሲድ የተባለውን ሁሉ አንድ ቦታ ያጉራል፤ ናይትሪክ አሲድና አሴቲክ አሲድ ግን ተሰብረው ቢቀላቀሉ ግለው እሳት ሊያስነሱ የሚችሉ ናቸው። ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ላይ ግሊሰሪን ቢንጠባጠብ ክብሪት ሳይጫር ይነድዳል። ሶዲየም ላምባ ውስጥ ተነክሮ ይቀመጣል፣ ውሃ ከነካው አለቀ። ነጭ ፎስፈረስ ደግሞ በተቃራኒው ውሃ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ላምባው ተንኖ ሶዲየሙ አናቱ ብቅ ብሎ የቆየበት ጠርሙስ አይቻለሁ፤ ያን ጠርሙስ ያተረፈው ላምባ የሚጨምርለት ሰው መኖሩ ነው።

እኔ የማደርገውን ልንገርዎ። አልኮልና አሴቶን አንድ ላይ፣ ከምድጃና ከማብሪያ ማጥፊያ ርቀው። ፐርማንጋኔትና ናይትሬቶች ከእነሱ ርቀው በሌላ መደርደሪያ። አሲዶች ከታች፣ ማንም ሽቅብ ተንጠራርቶ በማያወርድበት ቦታ፣ በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ፤ ጠርሙሱ ቢሰበር ሳፋው ይይዘዋል። ናይትሪክ ሳፋው ለብቻው ነው። ቤዞች ሌላ ጥግ። መርዞቹ ቁልፍ ባለው ቁም ሳጥን። አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋና አንድ ጣሳ ቤኪንግ ሶዳ በሩ አጠገብ። ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም ስለማያነሳው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ግላሻል አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ውሃ ያልተቀላቀለበቱ፣ 16.6 ዲግሪ ላይ ይረጋል፤ በክረምት ጠዋት ጠርሙሱን ቢያነሱት እንደ በረዶ ጠጥሮ ያገኙታል። ይህን ያላወቀ ሰው ለማቅለጥ ምድጃ ላይ ይጥደዋል። ትነቱ ግን ከ39 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ እሳት ሊይዝ ይችላል፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማቆም ይበቃው ነበር። ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ችግሩ ይገለበጣል። ኤተር 34.6 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ የቆላ ስቶር ከሰዓት በኋላ ከዚያ ያልፋል። ለደጋውም ለቆላውም አንድ ትእዛዝ ከላይ ጽፎ መበተን የማይሠራው ለዚህ ነው።

ወላጁ፦

ልጄ፣ እኔ ተምሬበታለሁ፣ እግዜር ይስጥሽ። ሳፋው ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። አንቺ ያለሽበት ትምህርት ቤት ዕድለኛ ነው። ቴክኒሻን የሌለው፣ የኬሚስትሪ መምህሩ ላቡን ደርቦ የያዘው ትምህርት ቤትስ? መምህሩ ሲዛወር የትኛው ጠርሙስ ለምን ጥግ እንደያዘ የሚያውቀውን ይዞት ይሄዳል። ደህና ሰው ሲገኝ ብቻ በሚሠራ አሠራር ልጄን አላስይዝም።

ደግሞ ከባዮሎጂ መምህራን የሰማሁት አለ። ለናሙና ማቆያ ይገዛ የነበረ ፒክሪክ አሲድ የሚባል ቢጫ ነገር ሲደርቅ ይፈነዳል ይላሉ። ይህ እውነት ከሆነ በምን አንጀቴ «ባለበት ይቆይ» ልበል?

የላብ ቴክኒሻኗ፦

እውነት ነው ጋሼ። በውሃ ርሶ ሲቀመጥ ነው ደኅና የሚሆነው። ከደረቀ ፈንጂ ነው፤ ክዳኑ ጥርስ ውስጥ የደረቀ ካለ ክዳኑን ለመክፈት ማዞሩ ብቻ ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ አይነካም፣ አይነቀነቅም። በሩ ይዘጋል፣ ስለ ፈንጂ የሚያውቅ አካል ይጠራል።

እስቲ አሁን እርስዎ ያሉት ዘመቻ ተጀመረ እንበል። ከላይ «አስወጡ» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። የቀን ሠራተኛ ይጠራል። ሌብል የሌላቸው ጠርሙሶች ካርቶን ውስጥ ይታጨቃሉ፣ አሲዱም አልኮሉም ፒክሪኩም አንድ ላይ አይሱዙ ላይ ይጫኑና በየወረዳው ኮረኮንች እየተንገጫገጩ ወደ ከተማ ይነዳሉ። ሾፌሩ የጫነውን አያውቅም። መንገድ ዳር ያለው ሰው አያውቅም። እርስዎ የፈሩት አደጋ ከስቶር ወጥቶ አስፋልት ላይ ወጣ ማለት ነው። ያልታወቀ ጠርሙስ በጣም አደገኛ የሚሆነው ሲንቀሳቀስ ነው። እኔ የምለው ጠርሙሱ ከሚሄድ ኬሚስቱ ይምጣ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ሰው ይላኩ፤ እዚያው ስቶሩ ውስጥ ቆሞ ይለይ፣ ይጻፍ፣ የማይነካውን ይከልክል።

የተግባር ፈተና የለም ላሉት ግን አዝናለሁ። ልጅ ኬሚስትሪን የሚማረው ለፈተና ወረቀት ብቻ ነው? ሙከራን በፕላዝማ ቴሌቪዥን ማሳየት ሞክረነዋል። የገጠር ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፒፔት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የከተማ የግል ትምህርት ቤት ልጅ አጠገቡ ሥራውን ጨርሶ ይወጣል። ኬሚካሉን ስታወጡ የምታወጡት ከማን ልጅ እጅ እንደሆነ ይታሰብልኝ።

መቀነስ ያለበት ብዛቱ ነው። 37 በመቶ የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 12 ሞላር ገደማ ነው፤ ሞላር የአሲዱን ጥንካሬ የምንለካበት ነው። ከአንድ ሊትሩ 0.1 ሞላር የሆነ 120 ሊትር ይወጣል። ለአንድ ታይትሬሽን (አሲድን በቤዝ የመለካት ሙከራ) 25 ሚሊ ሊትር ብንይዝ 4,800 ጊዜ ያሠራል። ታዲያ ባለ 2.5 ሊትር ጠርሙስ ደርዘን ገዝቶ መደርደር ምን ይባላል? ግዥው ላይ ይመጣል ጥፋቱ። ጨረታ አሸናፊው ያለውን ያቀርባል፣ ኬሚስትሪ መምህሩን የጠየቀ የለም።

ወላጁ፦

ይኸው ራስሽ ተናገርሽው። አንድ ሊትር 120 ሊትር ካወጣ፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ አቅጥኖ በጄሪካን ይላክልን። 0.1 ሞላሩ ቢፈስ በውሃ ይታጠባል፤ ማንም ሰው ላይ ደፍቶ ፊት ሊያበላሽበት አይችልም። ልጆቹ ይሠሩበታል፣ ጠንካራው አሲድ ግን ግቢያችን አይገባም። ይህን ለምን እምቢ ትያለሽ?

ሁለተኛ፣ ስለ አሮጌዎቹ ዝም አልሽ። ኬሚስቱ መጥቶ ለየ፣ ጻፈ። ከዚያስ? ተመልሶ ተቆለፈ ማለት ነው።

የላብ ቴክኒሻኗ፦

ጄሪካኑ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እውነቴን ነው። የምፈራው መዘግየቱን ነው። መምህሩ ኅዳር ላይ አሲድና ቤዝ ያስተምራል፣ ጄሪካኑ ግንቦት ይደርሳል። መኪና የለም፣ ነዳጅ የለም፣ መንገድ ተዘግቷል። ለቅርብ ትምህርት ቤት ይሠራል እሺ። ለሩቁ ግን አንድ ጠርሙስ እዚያው ይኑረው።

አንዳንዱን ደግሞ እኔም ጨርሶ አይግባ እላለሁ። ኤተር፣ ቤንዚን (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን benzene የሚባለው ኬሚካል)፣ ካርቦን ቴትራክሎራይድ፣ ፒክሪክ አሲድ፣ የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ሁለተኛ ደረጃ ላይ ምንም ሥራ የላቸውም። የተከፈተ ኤተር ሲቆይ ፐርኦክሳይድ ይሠራል፣ እሱም ይፈነዳል። ሜርኩሪው ሲሰበር በመጥረጊያ ይጠርጉታል፣ ያን ጊዜ ይበጣጠስና ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይተናል።

ስለ አሮጌዎቹ የጠየቁኝ ትክክል ነው፣ የሚያስመርረኝም እሱ ነው። ኬሚካል በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገብቷል፣ ያለ ሞዴል 22 (ያለ ንብረት ወጪ ደረሰኝ) አይወጣም። ፈርሞ የተረከበ ሰው የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበትን ጠርሙስ ቢያስወግድ «ንብረት አጠፋህ» ይባላል። ስለዚህ የተበላሸውም የዛገውም ለቀጣዩ ሰው ርክክብ ይሆናል። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥቷል፤ እዚህ ታች ስንወርድ ግን አንድ የኬሚስትሪ መምህር ወይም አንዲት ቴክኒሻን ጠርሙሱን ለማን እንደምታስረክብ የነገራት የለም። ትምህርት ቢሮው ከንብረት መዝገብ ላይ የሚሰርዝበትን ፎርም ያውጣ፣ ዩኒቨርሲቲው ይፈርም፣ አካባቢ ጥበቃው ይረከብ። ዩኒቨርሲቲዎቹ እንዲያግዙን የምፈልገው ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ነው።

ወላጁ፦

በዚህ ተስማማን እንበል። አንድ ነገር ግን ይቀረኛል፣ ያለሱ አልለቅሽም። ዓይኑ ውስጥ አሲድ የገባ ልጅ በሚወርድ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ መታጠብ አለበት አይደል? የላቡ ቧንቧ በሳምንት ስንት ቀን ውሃ አለው? ሳፋና አሸዋ ነገርሽኝ፣ ስለ ውሃ አንድ ቃል አላልሽም። ውሃ የሌለው ትምህርት ቤት ጠንካራ አሲድ ይያዝ ትያለሽ?

የላብ ቴክኒሻኗ፦

አልልም። ላቡ አጠገብ ከፍ ባለ ማቆሚያ ላይ ሮቶ ይቁም፣ ጎማ ይቀጠልበት፣ ትምህርት ካለበት ቀን ጠዋት መሙላቱ ይታይ። ሮቶ ሳይኖር 98 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ የገዛ ርእሰ መምህር በወተመህ ይጠየቅ፤ እኔም አብሬዎት እጠይቀዋለሁ። ሮቶው ያለው ትምህርት ቤት ግን አንዷን ጠርሙሱን በሳፋዋ ውስጥ፣ በቁልፍ ይያዝ። እሷን አውጡ ካሉኝ አሁንም እቃወምዎታለሁ።