ሦስተኛው ሲዲ የት ገባ?

ጅማ ውስጥ የድሮ የህንድ ፊልም በሲዲ ያለው ሰው አይጠፋም። እስከ መጨረሻው ያለው ሰው ነው የሚጠፋው።

ጣጣው የሚጀምረው ከሒሳቡ ነው። አንድ ቪሲዲ፣ ማለትም ፊልም የተቀዳበት ሲዲ፣ የሚይዘው ወደ 74 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የህንዱ ፊልም ደግሞ ዘፈኑ፣ ልቅሶው፣ የጠፋው ወንድም እስኪገኝ ድረስ ሦስት ሰዓት ይሞላል። ስለዚህ በሦስት ሲዲ ተከፍሎ ይመጣል። ለቡና አገር ሰው ይሄ አይከብድም፤ አንደኛው ለአቦል፣ ሁለተኛው ለቶና፣ ሦስተኛው ለበረካ። በረካው ላይ ሲደረስ ግን ሳጥኑ ይከፈትና የሠርግ ሲዲ ይወጣል፤ የማን ሠርግ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። «ማን ወሰደው?» ይባላል። ማንም አልወሰደውም። «ነገ እመልሳለሁ» ብሎ የተዋሰ እንጂ የወሰደ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ኖሮ አያውቅም።

መጨረሻውን በዓይኑ ያየ ሰው በዚህ ምክንያት ይከበራል። አንዷ እትዬ በርጩማቸው ላይ ተደላድለው፣ ስኒ እያለቀለቁ ይተርኩታል፤ እናትየዋ ትሞታለች፣ ወንድማማቾቹ ይታረቃሉ። በሳምንቱ ሲተርኩት እናትየዋ ትድናለች። ማን ይከራከራቸው? ማስረጃው የተዋሰው ሰው ቤት ነው።

ሦስቱም ቢገኙ ደግሞ መጥረግ የሚባል ነገር አለ። ምስሉ ካሬ ካሬ ሆኖ ሲቆም ሲዲው ይወጣና በነጠላ ጫፍ ዙሪያውን ይፈተጋል። መረጃው የተጻፈው ከመሃል ወደ ውጭ በሚዞር መስመር ላይ ነው። ዙሪያውን የወጣ ጭረት መስመሩን ተከትሎ ብዙ መረጃ በአንድ ላይ ይበላል፤ ከመሃል ወደ ጠርዝ የወጣው ግን መስመሩን አቋርጦት ብቻ ስለሚሄድ፣ ማጫወቻው ጉድለቱን ሞልቶ ያልፈዋል። ስለዚህ ለስላሳ ጨርቅ ይዞ ከመሃል ወደ ጠርዝ፣ ቀጥ አድርጎ ነው።

ሰው ሁሉ የሚሳሳው ለሚያብረቀርቀው ፊት መሆኑ ደግሞ ይገርማል። ሲዲው 1.2 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ብርሃኑን የሚመልሰው አሉሚኒየም ግን ከጽሑፉ ሥር፣ በስስ ሽፋን ብቻ ተጋርዶ ነው ያለው። እንዳይጠፋ ተብሎ የባለቤቱ ስም በእስክሪብቶ ተጭኖ ሲጻፍበት ፊልሙ ይጠፋል፣ ስሙ ይቀራል። ዲቪዲ ይሻላል፤ መረጃው በሁለት የ0.6 ሚሊ ሜትር ሽፋኖች መሃል ነው።

የቪዲዮ ካሴት ያስቀመጡም አሉ። ኢ-180 የሚባለው አንድ ካሴት ሦስቱን ሰዓት ሳይከፋፍል ይይዛል፤ የጅማን ክረምት ግን አይችልም። ቡፌ ውስጥ ተቆልፎበት የከረመ ካሴት ይሻግታል፤ በመስኮቱ ሲታይ ጥቅልሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አለ። እሱን ዴክ፣ ማለትም የካሴት ማጫወቻ፣ ውስጥ የከተተ ሰው ሻጋታውን ካሴቱን ለሚያነበው ሄድ፣ በሄዱ በኩል ደግሞ ለሚቀጥለው ካሴት ያወርሳል። ጎረቤት ካሴት ይዞ ሲመጣ በር ላይ መስኮቱን ማየት ነውር ይመስላል፤ ይሉኝታ የያዛቸው ናቸው በኋላ ጥገና ቤት የተመላለሱት። ሄድ ደግሞ በአረቄ አይጠረግም፣ ውሃ አለበት። ክር የማይለቅ ጨርቅ በንጹሕ አልኮል ይነከርና ሄዱ ላይ ደገፍ ተደርጎ ይያዛል፤ የሚዞረው ጨርቁ ሳይሆን ሄዱ ያለበት ከበሮ ነው፣ በጣት፣ ቀስ ተብሎ። ወደ ላይና ወደ ታች የፈተገ ሰው ሄዱን ይሰብረዋል። ምትክ ፍለጋ የሂርማታን ገበያ ቢያስስም አይሳካለትም፤ የመጨረሻው ዴክ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራውን አቁሟል።

አሁንስ? አሁን ፍላሽ ነው። ያው ፊልም ታድሶና ጠርቶ መጥቷል፤ ግን ፋይሉ ከ4 ጊጋ ካለፈ ፋት32 በሚባለው የፋይል አያያዝ የተዘጋጀ ፍላሽ አይቀበለውም፣ ውስጡ ባዶ ቢሆንም። «ሞልቷል» ይባላል፣ ትልቅ ፍላሽ ይገዛል። ትልቁ ብዙውን ጊዜ ኤክስፋት በሚባለው ሌላ አያያዝ የተዘጋጀ ስለሆነ ፊልሙ ዘው ይላል፤ ቤት ሲደርስ የቆየው ቴሌቪዥን ፍላሹን አያውቀውም። መፍትሔው ፋይሉን ከ4 ጊጋ በታች ማሳነስ ነው፤ ለ32 ኢንች ቴሌቪዥን 720 የሚባለው የምስል ጥራት ከበቂ በላይ ነው። ግን በተመሳሳይ ዋጋ ትልቁን ትቶ «አሳንሰህ ስጠኝ» የሚል ደንበኛ ኮፒ ቤት ደጃፍ ላይ ታይቶ አይታወቅም።