ከሞቱ ልጆች ጋር ድብብቆሽ

የሙታን መንፈስ ያለበት የልጆች መጽሐፍ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ማስፈራራት ነው። ጨለማ፣ የሚንቋቋ በር፣ ጩኸት። እኛም ቤት ያው ነው። «ዝም በል፣ ጭራቅ መጣልህ!» ሳይባል ያደገ ማን አለ? «የግሪን ኖው ልጆች» የተባለው ልቦለድ እንዲህ የያዘኝ ለዚህ ይመስለኛል። መናፍስቱ አያስፈሩም። ይልቅ ሲጠፉ ነው የሚጨንቀው።

መጽሐፉን ያገኘሁት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ልጅ ነው። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ደራሲዋን ሰምቻት አላውቅም ነበር። ሉሲ ቦስተን ትባላለች። በ1892 ተወልዳ ይህን መጽሐፍ ያሳተመችው በ1954 ነው፤ ስልሳን ካለፈች በኋላ ማለት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) በዚያው ዓመት የቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» የመጀመሪያ ቅጽ ወጣ። የናርኒያ መጻሕፍትም በየዓመቱ እየታተሙ ነበር። እነዚያ ዓለምን አዳረሱ፣ ፊልም ሆኑ። የእሷ እንግሊዝ ውስጥ ወዳጅ አላጣም፤ ቢቢሲም በ1986 በተከታታይ ድራማ ሠርቶታል። እዚህ ግን የጠየቅኳቸው የመጽሐፍ ወዳጆች ሁሉ «እሱ ደግሞ ምንድነው?» ነው ያሉኝ። በአማርኛ ተተርጉሞም አላየሁትም።

ታሪኩ ቀላል ነው። ቶሊ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። እናቱ የለችም፤ አባቱ ከእንጀራ እናቱ ጋር በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) ውስጥ ይኖራል። ትምህርት ሲዘጋ የሚሄድበት ስለሌለው እዚያው አዳሪ ትምህርት ቤቱ ይቀራል። አንድ የገና ሰሞን ግን አይቷቸው የማያውቃቸው ቅድመ አያቱ፣ ወይዘሮ ኦልድኖው፣ ይጠሩታል። እናቱ ዓረብ አገር ሆና አያቱ ጋ ያደገ ልጅ እነዚህን የመጀመሪያ ገጾች ማንም ሳያብራራለት ይረዳቸዋል። ጎርፍ ሜዳውን ስለዋጠው ልጁ ግሪን ኖው የሚባለው ቤታቸው የሚደርሰው በጀልባ ነው። ቀዛፊው ቦጊስ የሚባል የቤቱ አትክልተኛ ነው።

ቤቱ ውስጥ፣ ከእሳት ምድጃው በላይ፣ አንድ ትልቅ የቤተሰብ ሥዕል ተሰቅሏል። ሦስት ልጆች አሉበት፤ ቶቢ፣ አሌክሳንደርና ትንሿ ሊኔት። ቶሊ ውሎ ሲያድር ሳቃቸውን መስማት ይጀምራል። ዞር ሲል የሉም። የእንጨት አይጥ ትራሱ ሥር ይዞ ይተኛል፤ አይጧ ሕይወት ያላት ይመስለዋል። ፌስቴ ለተባለው የቶቢ ፈረስ ባዶው ጋጣ ውስጥ ስኳር ያስቀምጥለታል። ሲመለስ ስኳሩ የለም። ደራሲዋ አይጥ ትብላው፣ ፈረስ ይብላው አትነግረንም። እኔ ፈረሱ ነው ባይ ነኝ።

አሁን ወደምወደው ቦታ ልምጣ። ቶሊ ልጆቹን በሕይወት እንዳሉ ነው የሚያስባቸው። ቅድመ አያቱም የሚያወሩት እንደዚያው ነው፤ ጓዳ ገብተው አሁን ሊወጡ እንዳሉ ልጆች። ከዚያ አንድ ቀን ቁርጡን ይነግሩታል። ልጆቹ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት፣ በ1665ቱ የእንግሊዝ ታላቅ የቸነፈር ወረርሽኝ፣ ከእናታቸው ጋር ሞተዋል። ልጁ ክው ይላል። አሮጊቷ ግን አያባብሉም፣ አይደብቁም። ሁሉም ሞቱ ሲባል ያሳዝናል፣ ግን ያን ያህል ለውጥ አላመጣም ይሉታል። ሥዕሉ ላይ ያለችው አያታቸውም ልጆቹ ከቤቱ እንዳልሄዱ ሳይቆይ ሳታውቅ አልቀረችም ይላሉ። አለቀ። ጨዋታው ይቀጥላል።

እኛ ይሄን አንችልበትም። ለአዋቂ መርዶ በወግ ነው የሚነገረው። ሽማግሌ ይላካል፣ ንጋት ይጠበቃል። ልጁ ግን ጎረቤት ይላካል። «አባትህ ውጭ አገር ሄዷል» ይባላል። እሱም ስልክ እስኪደወልለት ይጠብቃል፤ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት። እውነቱን የሚሰማው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሰፈር ልጅ አፍ ነው፣ ያውም በጠብ መሀል። የሚገርመው እኛ ሙታንን የምንረሳ ሰዎች አይደለንም። ተዝካር እናወጣለን፣ ሙት ዓመት እናስባለን፣ በስማቸው እናበላለን። የሞተ ሰው ለአዋቂው ቅርብ ሆኖ ለልጁ ብቻ የሚሰወርበት ምክንያት አይገባኝም። ቦስተን ልጁን ከዚህ ዝምታ አውጥታዋለች። እኔን የገዛችኝም በዚህ ነው።

መናፍስቱን የምናምንበት ሌላም ምክንያት አለ። ቤቱ እውነተኛ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅሸር ውስጥ፣ ሄሚንግፎርድ ግሬይ በምትባል መንደር፣ ወንዝ ዳር ይገኛል። የተሠራው በ1130ዎቹ ገደማ ነው። ቦስተን በ1939 ገዝታ ገባችበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአቅራቢያው የነበሩ የአየር ኃይል ሰዎች እየመጡ ሸክላ ሙዚቃ ያዳምጡበት ነበር። የመጽሐፉን ሥዕሎች የሣለው ልጇ ፒተር ነው። እሷ በ1990 አረፈች፤ ቤቱን ግን ዛሬም ሰው ይጎበኘዋል። የምታየውን ዕቃ ስለጻፈች ይመስለኛል መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሁሉ እጃችን የነካው የሚመስለን።

እንከን የለውም አልልም። የመጀመሪያው ግማሽ ቀርፋፋ ነው። «ታዲያ ምን ሆነ?» የሚል አንባቢ ሊያስቀምጠው ይችላል። ከዚያ የባሰው እርግማኑ ነው። ግቢው ውስጥ በኖኅ ቅርጽ የተከረከመ ዛፍ አለ፤ የረገመችው አንዲት የጂፕሲ አሮጊት ናት (ጂፕሲ የሚባሉት አውሮፓ ውስጥ እየተዘዋወሩ የኖሩት የሮማ ሕዝቦች ናቸው)። ፈረስ ሌባ ጂፕሲ፣ ተራጋሚ ጂፕሲ። ስለ ሮማ ሕዝብ የተለመደው አጉል ወሬ እንዳለ ገብቷል። ለልጄ ባነብለት እዚህ ጋ ቆም ብዬ አንድ ሁለት ነገር ሳልለው አላልፍም። ያም ሆኖ ዛፉ በጨለማ እየተንቀሳቀሰ ሲመጣ፣ ቶሊ እግሩ አልላወስ ሲለው፣ የሞቱት ልጆች የድንጋይ ሐውልቱ ግቢው ውስጥ የቆመውን ቅዱስ ክሪስቶፈርን እየጮሁ የሚጠሩበት ቦታ ትንፋሽ ያሳጥራል። መጽሐፉ ውስጥ በእውነት የሚያስፈራው ዛፍ ነው። ሙታኑ ረዳቶች ናቸው።

ከዚህ በኋላ ስለዚሁ ቤት አምስት መጻሕፍት ጽፋለች። በ1961 የካርኔጊ ሜዳሊያ የተባለውን የእንግሊዝ የልጆች መጽሐፍ ሽልማት ያሸለማት ስለ አንድ ያመለጠ ጎሪላ የሚያወራው ነው። እሱም ግሩም ነው። ግን መንፈስ የለበትም፤ ለእኔ ደግሞ ሊኔት የሌለችበት ግሪን ኖው ግማሹ ባዶ ነው።