«የሚያድሩ ናቸው?»

ባለፈው ቅዳሜ ከቢቸና ደብረ ማርቆስ ድረስ አንድ ማዳበሪያ ድርቆሽ ታቅፌ ሄጄ የተቀበለችኝ ጥያቄ ይቺ ናት። «እንደምን ዋሉ» የለ፣ «ቤት ለእንግዳ» የለ። የእህቴ ልጅ አከራይ የግቢውን በር ገርበብ አድርገው፣ አንድ ዓይናቸውን በእኔ፣ አንዱን በማዳበሪያው ላይ ጥለው፣ እኔን ትተው ልጁን ጠየቁት፦ «የሚያድሩ ናቸው?»

«አጎቴ ናቸው፣ እትዬ።»

«አጎትነታቸውን መች ጠየቅሁህ?»

ልጁ የግል ኮሌጅ ተማሪ ነው። ዶርም የለውም፤ ከአንድ ጓደኛው ጋር አንዲት የሰርቪስ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። በሯ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ እንግዳ ክልክል ነው። ምጣድ የሰካ ይወጣል።» ከምጣድ ጋር ባንድ ወረቀት ስከለከል የመጀመሪያዬ ነው። ምጣዱስ ቆጣሪ ያስሮጣል፤ እኔ ምን አስሮጥሁ?

እኛ አገር እኮ የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ!» ሲል፣ ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ይባላል። ማን ነህ፣ ስንት ቀን ነህ የሚል የለም። እግሩ ታጥቦ፣ ቤት ያፈራውን በልቶ፣ መደብ ላይ ይተኛል። ዛሬም ቤቱ የእግዚአብሔር ነው፤ ካርታው ግን በእትዬ ስም ነው።

የከፋኝ ደግሞ ሌላ ነው። በተከፈተው የሳሎናቸው በር አሻግሬ ሳይ፣ ግድግዳው ላይ አብርሃም ሥላሴን ሲቀበል የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። አብርሃም ዝቅ ብሎ እጅ ነሥቶ እየለመነ ነው። እትዬን በአብርሃም ቦታ አቆምኋቸው፦ «ሦስት ናችሁ? የምታድሩ ናችሁ?»

ለነገሩ ተማሪና ማደሪያ ጎጃም ውስጥ የትናንት ወሬ አይደለም። እኔ ካደግሁበት ብዙም የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ፣ ወዲያ ደግሞ ጎንጅና ዋሸራ፣ የቆሎ ተማሪ ከየአገሩ እየመጣ ቅኔ ሲቆጥር የኖረባቸው ናቸው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ ይበላል፤ ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል። ሌላ ተማሪ ሲመጣበት ጠጋ ማለት ነው። ውሻ ያስቸግረዋል፣ ቁንጫ ይበላዋል፤ በኪራይ ግን የተማረረ የቆሎ ተማሪ አልሰማሁም። ቅኔውም የጠራው ለዚያ ይሆን?

እኔ እንኳ ባሕር ዳር የክረምት ተማሪ ሳለሁ የነበሩኝ አከራይ (ነፍሳቸውን ይማር፣ ማለቴ ከሞቱ) እንግዳ የሚቆጥሩት በጫማ ነበር። ማታ ማታ ባትሪ ይዘው ይመጡና ከበሬ ሥር ያለውን ጫማ ይቆጥራሉ። ሁለት ጥንድ ጫማ ስለነበረኝ ለአንዱ ጥንድ የእንግዳ ውኃ ከፍያለሁ። «የራሴ ነው» ብል «ታዲያ ሁለት እግር ነው ያለህ» አሉኝ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ቆጣሪውን ያጠፉታል። ይኸው እስከ ዛሬ ጫማዬን አልጋ ሥር ደብቄ ነው የምተኛ፤ ሚስቴ ሌባ ፈርቼ ይመስላታል።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ግን ለተከራይ እንዴት ነው የሚሠራው? አጥሩ የአከራይ፣ ንቀቱ የተከራይ! ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። አከራይ ተከራዩን ለተከራየው ክፍል ባለቤት አድርጎ አያየውም፤ በየወሩ የሚከፍል እንግዳ ነው የሚመስለው። እንግዳ ደግሞ እንግዳ አይጠራም።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተከራይ በተከራየው ነገር በሰላም እንዲጠቀምበት አከራዩን ዋስ ያደርገዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወትና መኖሪያ ያስከብራል። የመኖሪያ ቤት ኪራዩ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ አዲስ አበባን፣ ድሬዳዋንና ክልሎች የሚወስኗቸውን ከተሞች ይዞ ወጣ፤ ውሉ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ስለ አጎት የሚል አንቀጽ አላየሁም። ደግሞስ የእህቴ ልጅ ምን ውል አለውና? ውሉ ያ በር ላይ ያለው ወረቀት ነው። ሕገ መንግሥት ጠቅሶ ቢከራከር በወሩ መጨረሻ «ልጄ ከአረብ አገር ልትመጣ ነው፣ ክፍሉን እፈልገዋለሁ» ይባላል። ስንቱ አከራይ ነው የማትመጣ ልጅ ያለችው!

እውነቱን ለመናገር፣ እትዬም ያለ ነገር አልከፉም። ለስድስት ክፍል አንድ ሽንት ቤት ነው፤ ውኃው በፈረቃ ነው። አምና የአንዱ ተማሪ ወንድም «ለሁለት ቀን» ብሎ መጥቶ መስቀልን እዚያው አከበረ አሉ። እኔም አዲስ አበባ ያክስቴ ልጅ ዘንድ ለሦስት ቀን ሄጄ… ተዉት፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቤቱ ሰፊ ነበር።

ብቻ አልተጨቃጨቅሁም። ድርቆሹን አስረክቤ፣ ደጅ ቆሜ የልጁን ትከሻ ሳም ሳም አድርጌ፣ መናኸሪያ አጠገብ አልጋ ያዝሁ። ትኋን ነበረው፤ እንግዳ ግን ይፈቅዳል።

ማታ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል።

«ምነው፣ ደህና አይደለህም?»

«ደህና ነኝ ጋሼ። የእትዬ ወንድም ከነልጃቸው ከገጠር መጡና ሳሎኑ ጠበበ። ‹ላንድ ሌሊት አንተ ዘንድ ይደሩ› ብለው አስገቧቸው። እኛ መሬት አንጥፈናል።»

«ከሁለት ሰዓት በኋላ?»

«ወረቀቱን እኮ ገንጥለው ነው የገቡት።» ትንሽ ዝም አለና፣ «ድርቆሹን ወደውታል» አለኝ።